በግራ የሰፋሁት ባለካባ

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፣ የእኔም ድምፅ ገና አልጎረነነም ነበር፤ ከዚህ በላይ ብትጠይቁኝ የማወጣው የለኝም። ወራቱን ግን አውቀዋለሁ። ሐረር ላይ ክረምቱ ወጥቶ ሐኪም ጋራ አረንጓዴውን ገና ሳይጥል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በሸዋ በር ቅስት ስር እየገባች መሬቱ ላይ እንደ ምንጣፍ የምትነጠፍበት ጊዜ ነበር።

ሰሞኑን ምራቴ ወጥ ቤት ውስጥ የእርድ ጣሳ አመለጣት። ሽታው እኔ ከተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። እርድ ለሌላው ሰው የአልጫ ሽታ ነው፤ እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ጆሮ ግንዴን አጋለኝ። የልጅ ልጄ አየኝና «አባባ፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ምን ብዬ ልንገረው?

ይኸው ልጅ ነው ከጥቂት ጊዜ በፊት በስልኩ አሮጌ ባለሥዕል መጽሔቶች ያሳየኝ። ጠባብ ልብስ የለበሰ ጉልበተኛ ይበራል፣ ግንብ ይገፋል። ውጭ አገር ሰዎች እነዚህን አሮጌዎቹን እያደኑ እንደሚሰበስቡ፣ አቧራ እንዳይነካቸው በላስቲክ እየሸፈኑ እንደሚያስቀምጡ አጫወተኝ። «አንተ በልጅነትህ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?» ሲለኝ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። እኔም እኮ ሰብስቤ ነበር። የእነሱ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ በእኔው ግን እርድ ይጠቀለልበት ነበር።

ቤታችን ከከተማው ግንብ፣ ከሸዋ በር ውጭ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ለደንበኞች ታቀርብ ነበር፤ እኔም ሁለተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርቱን ትቼ የእሷ እግር ሆንኩ። ቅመም የማመጣው ከግንቡ ውስጥ ካለው ገበያ፣ ከጊደር መጋላ፣ ከአንዲት ሐረሪ ሴት ዘንድ ነው። ባለቅመሟ ጠና ያሉ፣ ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ሲስቁ የተቀመጡበት ሳጥን አብሯቸው የሚነቃነቅ ሰው ነበሩ። የጣቶቻቸው ጫፍ ዘወትር ቢጫ ነው። እርዱን፣ ሄሉን፣ ጥቁር አዝሙዱን ወረቀቱን እንደ ቀንድ አሹለው ጠቅልለው ይሰጡኛል። ወረቀቱ ነጋዴዎች በጅቡቲ በኩል በእስር በእስር የሚያስመጡት አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ነበር፤ አብዛኛው አረብኛ።

አንድ ቀን እናቴ እርዱን ወደ ጣሳው ስትገለብጥ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ። ዘረጋሁት። የጥምቀት ዕለት ቄሶች እንደሚለብሱት ያለ ቀይ ካባ ያደረገ ሰውዬ ከቤቶች ጣሪያ በላይ ይበራል። በአፉ ፊት ነጭ ክብ አለ፤ ክቡ ውስጥ አረብኛ ተጽፏል። እርዱ ፊቱን አወይቦት ቢጫ ሆኗል። እንዲህ ያለ ነገር ከተወለድኩ አይቼ አላውቅም። ባለካባው አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ጊደር መጋላ በሄድኩ ቁጥር «እማማ፣ ሥዕል ባለበት ይጠቅልሉልኝ» እላለሁ።

«ቅመሙን ነው የምትገዛው፣ ወረቀቱን?» ይሉኛል።

«ሁለቱንም።»

ይስቁና ከሳጥኑ ስር ለእኔ ያስቀመጡትን ቅጠል ይመዛሉ። አንዳንዴ ሁለት ደርበው ይጠቀልሉልኛል። ቤት ወስጄ አራግፌ፣ ከፍራሽ ስር አስተኝቼ አቃናዋለሁ። ሲበዛልኝ በመጡልኝ ተራ ደርድሬ በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። መጽሐፍ በየት በኩል ይሰፋል ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? የእናቴ ዳዊት በግራ ነው የተሰፋው፣ የትምህርት ቤት መጽሐፌም በግራ ነበር። በግራ ሰፋሁት።

ማታ ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች፣ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ግንቡ ስር እንሰበሰባለን። እስከዚያ ድረስ እኔ በእነሱ ዘንድ ጆንያ ተሸካሚው ነበርኩ። ስለ ክፍላቸው ሲያወሩ ጫማዬን አያለሁ። አሁን ግን መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ክብ ሠርተው ይከቡኛል። አማርኛውን እነሱ ከእኔ ይበልጣሉ፤ እንግሊዝኛም ይሞካክራሉ። አረብኛ ግን አንዳቸውም አያውቁም። እኔም አላውቅም፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

የጸሐፊው ልጅ የሚባል፣ ካልሲ የሚያደርግ ልጅ ነበር። «አረብኛ ደግሞ ከየት ተማርክ?» አለኝ።

«ባለቅመሟ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«ቅመም እየመዘኑ?»

«አዎ፣ እየመዘኑ!»

ሳቁ፤ ግን አመኑኝ። እኔም ጣቴን ከፊደሉ ስር እያስኬድኩ፣ እንደ ዲያቆን ድምፄን እያወረድኩና እያነሳሁ አነብላቸው ጀመር። የማነበው ከሥዕሉ ነው። ታሪኩም ይህ ነበር፦ ባለካባው መጀመሪያ ላይ ሕዝብ ከብቦት ያጨበጭብለታል። ከዚያ አንዲት እናት ሕፃኗን ትሰጠዋለች። ሕፃኑን ታቅፎ ይበራል። በርሮ በርሮ የሚነድ ቤት ውስጥ ይዞት ይገባል። መጨረሻው ላይ ካባው የለም፤ ተራ ኮት ለብሶ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አቀርቅሮ ሰዓት ይጠግናል።

የጸሐፊው ልጅ ታናሽ እህት እንባዋ መጣ። «ለምንድነው ሕፃኑን እሳት ውስጥ የሚከተው?» አለች።

እኔም ይህ ነገር ሌሊት ሲከነክነኝ አድሮ ነበርና መልሱን አዘጋጅቼዋለሁ። «ሠለስቱ ደቂቅን አታውቂም? እሳት ውስጥ ተጥለው ገብርኤል አወጣቸው አይደል? ይኼም ልጅ ይወጣል። እሳቱ ይፈትነዋል እንጂ አያቃጥለውም።»

«መች ይወጣል?»

«የሚወጣበት ቅጠል ገና አልተገኘም።»

ከልጆቹ መካከል ቁልቢ ደርሰው የመጡ ነበሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ባየችኝ ቁጥር «ቅጠሉ ተገኘ?» ትለኛለች ትንሿ። ጊደር መጋላ ስሄድም እየጸለይኩ ነበር የምሄደው፤ ያ ቅጠል እርድ ተጠቅልሎበት እንዲመጣልኝ።

የጸሐፊው ልጅ ግን አልተወኝም። አንድ ቀን ቁርአን ቤት የሚማር ልጅ ይዞ መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ኮፍያውን አስተካክሎ በትሕትና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «አንብብ» አለኝ የጸሐፊው ልጅ። አነበብኩ። ጣቴ ይሄዳል፣ አፌ ይከተላል። የቁርአን ቤቱ ልጅ ትንሽ አየና ግራ ገብቶት፣ እኔን ለመጉዳት ሳይሆን ስለቸገረው ብቻ፣ እንዲህ አለ፦

«ፊደሉ ወደዚህ ነው የሚመጣው። ያንተ ጣት ወደዚያ ይሄዳል እኮ።»

መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። «የተሰፋውም በጀርባው ነው። መጨረሻውን መጀመሪያ አድርገኸዋል።» በቀኝ በኩል ጀመረና ጣቱን አስኬደ፦ ሰዓት ጠጋኙ ካባውን ከመሳቢያ ያወጣል፤ ቤት ይነድዳል፤ ባለካባው ሕፃኑን ከእሳት ያወጣል፤ ለእናቱ ይሰጣታል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

የመጀመሪያዋ ጯሂ ትንሿ ነበረች። «ወጣ! ወጣ!» ብላ በደስታ ዘለለች። ሌሎቹ የሳቁትን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «የኋሊት!» አለ የጸሐፊው ልጅ። «የኋሊት ቄስ!» ተነስቶ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ በአየር ላይ ጣቱን እያስኬደ እንደ እኔ አዜመ። ሌሎቹም ተከተሉት። መጽሐፌን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ በሸዋ በር ባለፍኩ ቁጥር ከፊቴ ተደርድረው ወደ ኋላ ይራመዱልኛል። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር፤ ለዚህ ግን ምን መልስ አለ? በሰንጋ በር ዞሬ መግባት ጀመርኩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለቅመሟ ነበሩ። አስተማሩኝ ብዬ ስማቸውን አንስቻለሁ፤ ሰምተው እንደሆነስ? እናቴን «የእሳቸው እርድ ደረቀ» ብዬ ዋሸኋትና ከመጋላው ሌላ ጫፍ መግዛት ያዝኩ።

አንድ ቀን ከኋላዬ «አንተ ልጅ!» የሚል ድምፅ መጣ። እሳቸው ናቸው። ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመዋል። «ቅመሜ ነው የመረረህ፣ እኔ?»

እንባዬ ቀደመኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ መጨረሻ ላይ «እርስዎ አስተማሩኝ ብዬ ነበር» አልኩ።

«እኔ? እኔስ ማን አስተምሮኝ?» አሉ። «ቁርአኑን ፊደሉን እያነበብኩ እቀራለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ይኼ የገበያው አረብኛ ምን እንደሚል ግን አላህ ነው የሚያውቀው። ያ ልጅም ቢሆን ፊደሉን ነው እንጂ ነገሩን አላወቀም፤ እንዳንተው ከሥዕሉ ነው ያነበበው። በል መጽሐፉን አምጣው።»

አመጣሁት። ሳጥናቸው አጠገብ ተቀምጠን ክሩን ፈታነው፤ እሳቸው በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ እኔ እየመዘዝኩ። በቀኝ በኩል መልሰው ሰፉት። «አሁን ንገረኝ» አሉ። በትክክለኛው መንገድ ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ሰሙና አዛጉ።

«ማሻአላህ፣ ደግ ሰው ነው» አሉ። «ግን እንቅልፌን አመጣው። ያኛውን ንገረኝ እስቲ፣ እሳት ውስጥ የሚያስገባውን።»

ነገርኳቸው። አላዛጉም። ገዢ መጥቶ ቢጠይቃቸው «ቆይ፣ ልጁ እሳት ውስጥ ነው» አሉት።

ሱቃቸውን ሲዘጉ ለእናቴ የሚሆን እርድ ቅርጫቱ ውስጥ ሞልተው ራሳቸው ላይ አደረጉ። «እኔ አደርስልሃለሁ፤ እናትህንም ልጠይቃት» አሉ።

«በሰንጋ በር እንሂድ፣ እማማ።»

«ቤትህ በሸዋ በር ነው።»

ልጆቹ እዚያው ነበሩ። እንዳዩኝ ተደረደሩና ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ፣ ጣታቸውን አየር ላይ እያስኬዱ። እግሬ መሬት ውስጥ ቢገባልኝ ደስ ባለኝ። ባለቅመሟ ቆም ብለው አዩዋቸው። «ይኼ ነው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ዞሩ። ያን የሚያህሉ ሴት፣ ቅርጫት ተሸክመው፣ ጀርባቸውን ወደ ልጆቹ ሰጥተው፣ እኔን እያዩ ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ። አንድ እጃቸው ቅርጫቱን ይዟል፤ በሌላው እንደ እኔ አየር ላይ ጣታቸውን ያስኬዳሉ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ጫት የምትሸጠዋ «አንቺ! ምን ሆንሽ?» ብላ ጮኸች። «እየቀራሁ ነው!» አሏት እየሳቁ። ልጆቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። እኔም እንዲተዉት ልለምናቸው ተከተልኳቸው።

እንጨት የጫነ አህያ በቅስቱ ስር እየገባ ነበር። እሳቸው አላዩትም። ገፋቸው፣ ተደናቀፉ፣ ቁጭ አሉ፤ ቅርጫቱም ተገለበጠ። ያ ሁሉ እርድ በሸዋ በር ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። ከሰዓት ፀሐይዋ መታችው። እንደዚያ ያለ ቢጫ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ የተንበረከከው የጸሐፊው ልጅ ነው። በሁለት እጁ እየዛቀ ወደ ቅርጫቱ መለሰ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ትንሿ በቀሚሷ ጫፍ ሳይቀር አነሳች። ግማሹ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እሳቸው መሬቱ ላይ እንደተቀመጡ ጉልበታቸውን እያሹ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ፣ እርድ ነው እንጂ ደም አይደለም» ይላሉ። እኔን ደግሞ ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ቀስ ብለው በጆሮዬ «አየህ? እኔም በጀርባዬ አላየሁም» አሉኝ።

የልጆቹ መዳፍ ለቀናት ቢጫ ሆኖ ሰነበተ። ሊስቁብኝ ቢያምራቸውም ያንን ቢጫ ጣታቸውን ማንሳት አልቻሉም። ቀጥሎ በመጣው ሳምንት የጸሐፊው ልጅ ራሱ አጠገቤ መጥቶ «ያንን የመጀመሪያውን ንገረን» አለኝ።

መጽሐፉ ከቤት ወደ ቤት ስንዛወር ጠፋ፤ የት እንደቀረ አላውቅም። ባለቅመሟም እኔ ለሥራ ከሐረር ርቄ ሳለሁ አረፉ፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም። እኚያን ወደ ኋላ ሲራመዱ ያየኋቸውን እናት ለማንም አውርቼ አላውቅም። የእሳቸውን ለማውራት የእኔን ማውራት ሊኖርብኝ ነው፤ እፍረቱ እኔን ዝም ሲያሰኘኝ እሳቸውንም አብሮ ዝም አሰኘብኝ። እርድ በሸተተኝ ቁጥር ጆሮዬ የሚግለው አሁን ለዚህ ነው።

የልጅ ልጄ ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አስቀምጬ እነግረዋለሁ፤ ከየትኛው ጫፍ እንደምጀምርለት ግን ገና አላወቅኩም። ምናልባት ከስማቸው እጀምርለታለሁ።

ሩቂያ ይባሉ ነበር።