እህል ከልክሉኝ ያሉት አዛውንት

ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ከሆስፒታል ስትመለስ በቀጥታ እኔ ቤት ገባች። ሐኪሙ ከኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ እንዳላያት፣ ወገቤን ስትለው እጁን እንኳ ሳያሳርፍባት መድኃኒት ጽፎ እንዳሰናበታት ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በጤና ረዳትነት ስለሠራሁ እንዲህ ያለው አቤቱታ ሁሉ የሚመጣው ወደኔ ነው። በናንተ ጊዜም እንዲህ ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፤ አልነበረም እንድላት ፈልጋ ነው። ሻይ ቀዳሁላትና ወሬ ለወጥሁ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። በኛም ጊዜ ነበር፤ አንዷ እኔ ነበርሁ።

መካነ ሰላም የተመደብሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ወራት የቀሩበት፣ ረሃቡ ወሎን ያጎበጠበት ጊዜ ነበር። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ ሠራተኞቹም ጎንደር የተማረ አንድ የጤና መኮንን፣ እኔና ዘበኛው ብቻ ነበርን። አገሩ ሁሉ መኮንኑን ሐኪም ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። በዕድሜ ከእኔ ቢበልጥ አምስት ዓመት ነው። ቁጡ ነበር። ቁስሉን ፋንድያ ቀብቶ የመጣውን ይቆጣል፣ ልጇን አዘግይታ ያመጣችውን ይቆጣል፣ ሰልፉ ሲገፋፋ ወጥቶ ይቆጣል። ሕዝቡ ይፈራው ነበር።

እኔን ግን ይወዱኛል። አንደበቴ ማር ነበር። የመጣውን ሁሉ አባቴ፣ እናቴ፣ አብሽሩ፣ አይዞዎት፣ እግዜር ይማርዎት እያልሁ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣለሁ። መርቀውኝ ይወጣሉ። በቀን መቶ ሰው ሲመጣ ሰማንያውን የማስተናግደው እኔ ነበርሁ፤ ፈጣን ነኝ ብዬም እኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት መኸሩ ሳይሞላ ቀርቶ የበልጉም ዝናብ ጠፋ። ከቆላው ወገን ቤታቸውን ዘግተው የወጡ ሰዎች በከተማው ዳር ሰፈሩ። ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች የሚታደል የገንፎ ዱቄት ከደሴ እየመጣልን፣ ምልክት ባለው ክር የሕፃናቱን ክንድ እየለካን፣ ክሩ ከምልክቱ በታች የጠበበለትን እንመዘግብ ነበር። ለትልቅ ሰው የሚሆን ነገር አልነበረንም።

ሽማግሌው የመጡት ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። መንደራቸው ከከተማው ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሲሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ዘንጋቸውን ተደግፈው ገቡና ሆዴ እህል አልቀበል አለኝ አሉ። አብሽሩ አባቴ ብዬ ለጨጓራ የሚሆን ክኒን ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ያንኑ አሉኝ፤ እኔም ያንኑ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው መምጣታቸው ግን ክኒኑን ሳይቀበሉ ቆሙና ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉ።

«ልጄ፣ ክኒኑ ይቅር። ይልቅስ እህል እንዳትበላ ብለሽ በወረቀት ጻፊልኝ» አሉ።

ሳቅሁ። ሰው እህል ስጡኝ እያለ በሚያለቅስበት ዘመን እህል ከልክሉኝ የሚል ሽማግሌ! ማርጀት ነው አልሁ በልቤ። እንዲህ ያለ ወረቀት እንደሌለ በለሰለሰ ቃል ነግሬ ሸኘኋቸው፤ ለዘበኛውም እንደ ቀልድ ነገርሁት።

ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ እኔ የአንዲት ሴት የቆሰለ እግር አጥብ ነበርና ሐኪሙ ጋ ገቡ። አሁን ይጮህባቸዋል ብዬ በተከፈተው በር እያየሁ ጠበቅሁ። እሱ ግን አልጋው ላይ አስተኛቸውና ልብሳቸውን ገልጦ ሆዳቸውን ይዳስስ ጀመር። ቀስ ብሎ፣ ከጎድናቸው ሥር ጀምሮ እስከ እንብርታቸው፣ ፊታቸውን እያየ ነበር የሚዳስሰው። ውጭ ሰልፉ ያጉረመርማል። መቼ እንደጀመራቸው ጠየቃቸው። ከፋሲካ ወዲህ አሉት። በሁዳዴስ ሲላቸው፣ በሁዳዴ ደኅና ነበርሁ አሉ። በሁዳዴ በስንት ሰዓት ይበሉ እንደነበር ጠየቀ፤ ማታ ማታ አሉ። እህሉ ወዲያው ሲውጡት ነው የሚያቃጥልዎ ወይስ ቆይቶ ሲላቸው ልብሳቸውን ወደ ታች ሳቡ። ሽማግሌው ውሸት ማሳመር የሚያውቁ ሰው አልነበሩም።

ሐኪሙ በሩን እንድዘጋ ነገረኝ። ዘግቼ እዚያው ቆምሁ። እሱም በርጩማውን ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ትላንት ምን በሉ?»

ጣሪያውን እያዩ ነገሩን አወጡት። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ከወረደ ወሬው ጠፍቷል። ቤት ያሉት ምራታቸውና ሦስት ልጆቿ ናቸው፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ምራታቸው ያለችውን ትንሽ ነገር ስታቀርብ እንደ ወጉ መጀመሪያ የምታነሣው ለሳቸው ነው፤ እሳቸው ካልቀመሱ እሷም ልጆቹም አይነኩም።

«ሁዳዴን በጾም አመካኝቼ አለፍኋት» አሉ። «ስእለት አለብኝ እያልሁ እስከ ማታ እቆያለሁ፤ ማታም ለልጆቹ አጎርሳለሁ። ፋሲካ ሲገባ ምን ልበላት? ሃምሳው ቀን አይጾም። እኔ የበላሁትን በልቻለሁ፤ የቀረው ለልጆቹ ይሁን ብላት እሺ አትለኝም። ሐኪም ከልክሎኛል ብላት ግን ትሰማለች።»

ሐኪሙ አላባበላቸውም፤ ተቆጣ። ይህን ለማለት አራት ጊዜ ያን ዳገት እንዴት ይወጣሉ አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ምን እንደሰጠኋቸው ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ሆዳቸውን ዳስሼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልዳሰስሁም አልሁ። በእኔ ላይ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ያንን ቀን ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር።

የሕፃናቱን ክር ከግድግዳው አውርዶ የሽማግሌውን ክንድ ለካ። ክሩ እስኪያስደነግጥ ድረስ ጠበበ።

«ይህ ለሕፃናት ነው» አልሁት፤ ደንቡን ማስታወሴ ነበር።

«ክሩ የሚለካው ክንድ ነው፤ ዕድሜ አይጠይቅም» አለኝ።

ከዚያ ወረቀት አወጣና ጻፈ፤ ማኅተምም መታበት። ታካሚው ጧትና ቀን ቤታቸው ምንም እንዳይቀምሱ፣ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ክሊኒኩ መጥተው በሐኪም ፊት እንዲወስዱ፣ ማታ ከልጆቹ ጋር ጥቂት እንዲበሉ የሚል ነበር። ሲያነብላቸው የማታው አልጣማቸውም፤ እሱንም ሰርዝልኝ ብለው ተከራከሩ። አልሰርዝም አላቸው። መድኃኒቱ ግን በኩባያ ተበጥብጦ ሲመጣ ሽታው ነገራቸውና ኩባያውን መለሱለት። የሕፃናት እህል አልነጥቅም አሉ። ሐኪሙ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ካልጠጡ እቀደዋለሁ አላቸው። ተያዩ። ጠጡት። ኩባያውን ከሥሩ ደገፍሁላቸው፤ ፊታቸውን ከቅርብ ያየሁት ያኔ ገና የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰልፉ ተበትኖ ሐኪሙ እጁን ሲታጠብ፣ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«አላወቅሁም። ጥያቄዬን አልጨረስሁም ነበር፣ ያ ብቻ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በየቀኑ ረፋድ ላይ ይመጡ ነበር። በአግዳሚው ጫፍ ይቀመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ፀሐይ ሞቀው ይሄዳሉ። እኔም እየተማርሁ መጣሁ፤ ቀስ እያልሁ ነው እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። የመጣውን ሰው መቼ ጀመረህ፣ ከዚያ በፊትስ፣ ቤትህ ማን አለ እያልሁ መጠየቅ ጀመርሁ። ሰልፉ ረዘመ። ድሮ የሚመርቁኝ ዛሬስ አዘገየሽን ይሉኝ ጀመር።

ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ ሐኪሙ ወደ ገጠር በወጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ያቺን ወረቀት ይዛ መጣች። ምራታቸው ነበረች። ማንበብ ስለማትችል የመንደሩ ዲያቆን እንዳነበበላት ነገረችኝ።

«አባባን እህል ከልክላችኋቸዋል ይላሉ» አለችኝ። «እውነት ነው?»

አብሽሪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። እውነት ነው ብል መዋሸት ነው፤ አይደለም ብል የሰውዬውን ምስጢር ማውጣት ነው። ቁጭ በይ አልኋት። ተቀመጠችና ዓይኔን አየች፤ መልስ ሳትጠብቅም ቀጠለች።

«ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ሆዳቸውን አሟቸው አያውቅም። የሚሠሩትን አውቃለሁ። ከሁዳዴ ጀምሮ አውቃለሁ። ብቻ አሁን ጉንጫቸው ሞላ ሲል አየሁና፣ ምን እንደምትሰጧቸው ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«አንቺስ?» አልኋት። «ትላንት ምን በላሽ?»

መሬት መሬት አየች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ሆኖ የነጠላዋን ጫፍ ይጠባ ነበር። ጡቷ ከደረቀ ሳምንት እንዳለፈው ነገረችኝ። ማታ ማታ ሽማግሌው ለልጆቹ ሲያጎርሱ እሷ ደግሞ የራሷን ድርሻ መልሳ ሞሰቡ ውስጥ ትከት ነበር፤ በማግሥቱ ለሳቸው ለማቅረብ። እሷ የምታጠባ ስለሆነች ደንቡም ይፈቅድላታል፤ እስከዚያ ቀን እንዳትመጣ ያደረጋት፣ ዱቄቱ ከቆላ ለወጡት ብቻ ነው መባሉን መስማቷ ነበር። ክንዷንም የልጇንም ለክቼ መዘገብኋቸው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና አንድ ነገር ለመነችኝ፤ ማወቄን አይወቁብኝ አለች።

ሐኪሙ ሲመለስ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀና የሷ ተራ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን አዘዘ። እሳቸው ረፋድ፣ እሷ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እየመጡ፣ ሁለቱ አንድም ቀን ሳይገናኙ ሰኔ አለፈ።

በሐምሌ ኩፍኝ ገባ። መካከለኛዋ ልጅ ታመመች፤ ሐኪሙ ጭቃውን እየረገጠ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ወርዶ ነበር። አልዳነችም። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ረፋድ ላይ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኩባያውን ሳቀርብላቸው አላዩትም። ሐኪሙ በር ላይ ብቅ ብሎ አያቸውና ሰልፉን ትቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሰዉ ዝናብ እየመታው ቆሞ ይጠብቃል፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አላጉረመረመም። ብዙ ከቆየ በኋላ ነገም ይምጡ ብሏቸው ወደ ሥራው ገባ። በማግሥቱ መጡ፤ ጠጡም።

በመስከረም የንጉሡ መውረድ በራዲዮ ሲነገር የከተማው ሰው አስተዳደሩ ግቢ ተሰብስቦ ነበር። እኔና ሐኪሙ ወሬውን የሰማነው መርፌ እየቀቀልን ሳለ ከዘበኛው ነው። ዝናቡ ሰጥቶ ስለነበር በጥቅምት ገብስ ደረሰ። አንድ ቀን ሽማግሌው ሳይመጡ ቀሩ፤ በማግሥቱም አልመጡም። ሰው ስጠይቅ አጨዳ ላይ ናቸው አሉኝ።

ሐኪሙም በዚያው ሰሞን ተዛወረ። የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ፣ የትኛው ጠርሙስ እንደተሰነጠቀ ነገረኝ፣ በበቅሎ ሄደ። አዲስ ሰው እስኪመጣ ክሊኒኩን ወራት ብቻዬን ያዝሁት። ሁልጊዜ እንደሱ ሆንሁ ብል እዋሻለሁ። ሲደክመኝ ቀና ሳልል የሸኘሁት ሰው አለ፤ ከዚያም በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያሉ ቀኖች ነበሩኝ። አሁን ወጣት ሐኪሞች ሲወቀሱ የማልፈርደው ለዚህ ነው። መልካም አንደበት የሌለውን ሁሉ ልብ የለውም፣ ያለውንም ሁሉ አዛኝ ነው ማለት አልችልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ጥያቄውን ጨርሷል ወይ?

በሁለተኛው ዓመት ወደ ኩታበር ስዛወር፣ ከመሄዴ በፊት ያን ቁልቁለት ወርጄ ቤታቸውን ጠይቄ ገባሁ። የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ ልጃቸው የዚያን ዕለት ስብሰባ ላይ ነበር፤ ከሁመራ የተመለሰው ለገና ነው። ሽማግሌው ተነሥተው ሳሙኝ። ምራታቸው ምሳ አቀረበች፤ የገብስ እንጀራ በሽሮ። አብረን ከበብን። ትንሹ ልጅ እግር አውጥቶ በመካከላችን ይመላለሳል። ሽማግሌው ባርከው ቆረሱና አንድ ጉርሻ ለኔ፣ አንድ ለምራታቸው ሰጥተው እሳቸውም መብላት ጀመሩ። ረጋ ብለው፣ እያላመጡ፣ ከፊታቸው ያለውን ጨረሱት። ምራታቸው ጨምራ አነሣችላቸው፤ አልተከራከሩም። ስለ ዝናቡ ስናወራ ቆየንና፣ ሳይመሽ ዳገቱን ልውጣው ብዬ ተነሣሁ።