የሚሽከረከረው ለዓይን ነው

ኦክላንድ ከቤታቸው አንዱን ክፍል ያከራዩኝ ሽማግሌ ኤርትራዊ ናቸው። አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ታክሲ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ስሎት ማሽን የሚሉትን የካዚኖ ቁማር ለምደዋል። ሁልጊዜ የሚቀመጡት አንዲት ማሽን ላይ ነው፤ «ታውቀኛለች» ይላሉ። እኔ ኤመሪቪል ውስጥ ሶፍትዌር ስለምፈትሽ አንድ ቅዳሜ፣ «እስቲ አብረን እንሂድና እያት። ሆን ብላ ነው የምትነፍገኝ» አሉኝ።

ካዚኖው ከሰዓት በኋላ ደረስንና ከኋላቸው ቆምኩ። ቁልፉን ሲጫኑ መስኮቷ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሦስት ጎማዎች ይሽከረከራሉ፤ ሦስቱም ሰባት ላይ ከቆሙ ያሸንፋሉ። ሁለቱ ሰባት ላይ ይቆማሉ፤ ሦስተኛው ሰባትን ለጥቂት ያልፈዋል። ደጋግሞ እንዲያ ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር እኔም መጠርጠር ጀመርኩ።

ከጎናችን ማሽን ከፍታ የምትጠግን ወጣት ስናወራ ሰምታ በአማርኛ ሰላም አለችን።

«እንኳን አገኘሁሽ ልጄ» አሏት። «ይቺ መቼ ነው የምትሰጠው?»

«መቼ የሚባል የላትም ጋሼ፤ ራንደም ነው፣ በዘፈቀደ። ቁልፉን በተጫኑባት ቅጽበት ውስጧ ያለው ኮምፒውተር ቁጥር ያወጣል፤ በቃ፣ ያኔ አልቋል። ያለፈውንም አታስታውስም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ መሽከርከር ምንድነው?»

«ለዓይን ነው። ለጥቂት ያመለጠዎት ሲመስልዎት እንዲቆዩ።»

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እዚህ እየሠራሽ ይሄን ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ብነግርዎትስ መቼ ይነሳሉ!» ብላ ሳቀች።

ንግግሯ ከነከናቸው። ብድግ ብለው ወደ በሩ አመሩ። ገና ሳንወጣ ማሽኗ ጮኸች። ዞር ስንል፣ የእሳቸውን ወንበር የያዘች ሴት በደስታ እየዘለለች ነው።

መኪና ውስጥ ገባን። ከዚያ፣ «ተባብራችሁ አስነሳችሁኝ!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቢቀመጡም የእርስዎ ጣት ልክ በዚያች ቅጽበት ቁልፉ ላይ አያርፍም ነበር። ሌላ ቁጥር ነው የሚወጣው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የምትተዋወቁት?»

«ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አልኳቸው። ልጅቷ የተናገረችው ልክ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሳቀችው ለጨዋታ ይሁን ልታስነሳቸው እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካዚኖ መሄድ ተዉ። ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ኮል አድርጋ በእንግሊዝኛ አመሰገነችኝ፤ እንዴት እንዳሳመንኳቸውም ጠየቀችኝ። «እኔ አይደለሁም» እያልኩ ዞር ስል ጋሼ ኩሽናው በር ላይ ቆመዋል።

«እሷም አለችበት?» አሉ።