ሮጬ የገባሁበት ለቅሶ

አንጀቴ በየጊዜው ይቆጣል። ሐኪሞቹ ክሮንስ የሚባል በሽታ ነው ይላሉ፤ ሲነሳብኝ ሽንት ቤት እስክደርስ እንኳ ፋታ አይሰጠኝም። ባለፈው እዚህ ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር ከባስ እንደወረድኩ ያዘኝ። አንድ ካፌ ገብቼ ብለምን፣ እንደተለመደው "ቶይሌታችን ተበላሽቷል" አሉኝ።

በውስጥ መንገዱ ስሮጥ ደጁ ላይ ጥቁር የለበሱ ሐበሾች የቆሙበት ቤት አየሁ። ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ማንም ሰው "ማን ነህ?" ተብሎ አይጠየቅም። ፊቴን በመዳፌ ሸፍኜ ሰተት ብዬ ገባሁ። "አይዞህ ልጄ" እያሉ መንገድ ለቀቁልኝ። ሽንት ቤቱን ራሴው ፈልጌ አገኘሁት።

ስወጣ ዓይኔ ቀልቷል፣ ላብ አጥምቆኛል። አንድ ሽማግሌ "ይኼስ ከልቡ ነው ያዘነው" ብለው ከሟቹ ሚስት አጠገብ አስቀመጡኝ። እኔ የሟቹን ስም እንኳ አላውቅም።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አንጀትህን ነው አይደል?" አሉኝ።

ክው አልኩ።

"ባሌም ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ እየሮጠ ነበር የሚገባው። ሁለተኛ ሲይዝህ መጥተህ ደወሉን ተጫን፤ ሰው እስኪሞት አትጠብቅ።"