በእንግዳው ትከሻ የሄደው በርኖስ

መንግሥት እኔን መደገፍ ከጀመረ ወዲህ ለሥራዬ ጊዜ አጥቻለሁ። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ በርኖስ እንሠራለን፤ እሷ የበጉን ፀጉር ትፈትላለች፣ እኔ እሸምናለሁ። የጠየቅነው አንድ የፀጉር ማባዘቻ ማሽን ነበር፤ በእጇ ስታባዝት የባለቤቴ ጣቶች አልቀዋል። የተሰጠን ግን ሥልጠና ነው። ስለ ደንበኛ አያያዝ ሠለጠንን፤ ስለ ጊዜ አጠቃቀምም ሠለጠንን። የጊዜ አጠቃቀሙ ሳምንት ሙሉ ፈጀ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ደግሞ ባዛር ተዘጋጀና ሥልጠናውን የሚያዘጋጀው የመንግሥት ቢሮ ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ። ምርጥ ሥራዎን ይዘው ይቅረቡ፤ የማሽኑም ነገር እዚያው ያልቃል።»

በእጄ የነበረው ያለቀ በርኖስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው። ያዘዙኝ አንድ የመዘዞ ደጋ ሽማግሌ ናቸው። የገዛ በጎቻቸውን ሸልተው፣ ጥቁሩን ብቻ ለይተው በጆንያ አምጥተውልኛል። ከጥቅምት ብርድ በፊት እንዳደርስላቸው ለምነውኛል። ይህንን ብነግረው ባለሙያው «ለማሳየት ብቻ ነው፤ ማታ ይመልሱታል» አለኝ። ወሰድኩት።

እንግዳው እኛ ጋ ሲደርሱ ካሜራው ተጠጋ። በርኖሱን ዳበስ አድርገው «ግሩም ነው!» ከማለታቸው፣ መድረክ መሪው በድምፅ ማጉያ «አምራቹ ለክቡር እንግዳችን ስጦታ ያበረክታሉ!» ብሎ አወጀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዞር ብዬ ባለሙያውን ባየው እሱም ያጨበጭባል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የሰው ነው» ልበል? በገዛ እጄ አለበስኳቸው። ቀትር ነበርና አላባቸው፤ መኪናቸው ጋ ሲደርሱ አውልቀው ለሾፌሩ አቀበሉት።

በማግሥቱ ቢሮ ሄጄ ጮህኩ።

«ይረጋጉ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የገበያ ትስስር ነው» አለኝ ባለሙያው። «ማሽኑስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «በሂደት ላይ ነው» አለኝ።

ሽማግሌው ጥቅምት ሲገባ በሳሳች ጋቢ ተጠቅልለው መጡ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«የሰውየው አገር ይበርዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የእኛን ያህል አይበርድም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል?»

ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡና፣ «በል እንግዲህ ልጄ፣ በጎቹ ፀጉር እስኪያበቅሉ ነው» ብለው ወጡ። በጎቹ የሚሸለቱት ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው።