ጎደሬ አይደለም

ሦስት ጊዜ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ ተመለስኩ። ጾም መሻሬን ተናገርኩ፤ ቁጣዬን ተናገርኩ፤ ለእናቴ ስልክ አለመደወሌን ሳይቀር ተናገርኩ። ይቺን አንዷን ግን ምላሴ ላይ ደርሳ ዋጥኳት። አንተ ይህን የምታነበው ሰው አታውቀኝም፣ ፊቴንም አታየውም። ለአንተ መንገር የቀለለኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ይህንን እንኳ እንደ ድፍረት አትቁጠርልኝ።

የጂፕሰም ሠራተኛ ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ለቡ አንድ ቤት ኮርኒስ ስንሠራ፣ ባለቤቶቹ ከአሮጌ ዕቃ ጋር የጣሉትን የዝሆን ጆሮ የሚባል የቤት ተክል አነሣሁ። አንድ ቅጠል ብቻ ነበረው፤ እሱም ጂፕሰም ለብሶ ነጥቷል። ቤት ወስጄ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ስለ ተክል ምንም አላውቅም ነበር። ከስልኬ እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ ተማርኩ። ውሃ ከማጠጣቴ በፊት ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገባለሁ፤ እርጥበት ካለ አላጠጣም። አፈሩ ውሃ እንዳይቋጥር አሸዋና የከሰል ስብርባሪ እቀላቅላለሁ። ክረምት ሲገባ ከመስኮቱ ብርድ አርቀዋለሁ። መቼ እንዳጠጣሁ፣ አዲስ ቅጠል ከተጠቀለለበት ለመፈታት ስንት ቀን እንደፈጀበት፣ ሁሉንም በደብተር እጽፍ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከወገቤ በላይ ሆነ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። አንድ ነገር አጥርቼ አውቃለሁ ብዬ የምኮራበት ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አምስት ተከራዮች ነን። ከእኔ በር ፊት ለፊት፣ አሥራ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ፣ እትዬ ማርታ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። የወላይታ ሰው ናቸው፤ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ። ያኔ ሳቃቸው ከበሩ ቀድሞ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ተክሉን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ቅጠሉን ስጠርግ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጎደሬ ነው» አሉኝ። «እኛ አገር ቀቅለን እንበላዋለን፣ አንተ ፊቱን ታጥበዋለህ።»

«ጎደሬ አይደለም እትዬ። ይመስላል እንጂ። የጎደሬ ቅጠል ጫፉ ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ የዚህ ወደ ላይ ነው የሚያየው። መልኩም ያብለጨልጫል።»

«ስሙት እንግዲህ፣ ጎደሬን ለወላይታ ልጅ ሊያስተምር ነው።»

ልብስ ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጎደሬው ሆነ። «ጎደሬው፣ ውሃ መጥቷል ቅዳ።» «ጎደሬው፣ አልበሰለም ወይ እስካሁን?» ክፋት አልነበረበትም። ምሳ ያልበላሁ ከመሰላቸው ሳህን ይዘው የሚመጡት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። እኔ ግን ያን ሳቅ እንደ ተክሉ ሁሉ ተንከባክቤ አሳደግኩት። ያለችኝ አንዲት እውቀት ናት፤ የሳቁት በእሷ ነው እያልኩ።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። መስከረም ላይ የታች ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ አፈሩም መሽተት ጀመረ። ሥሩ በስብሶ እንደሆነ ገባኝ። ደጄ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ዘርግቼ ነቀልኩት። የበሰበሰውን ቆረጥኩ። ከግንዱ ሥር ጤነኛ የሆኑ፣ ድንች የሚመስሉ ትልልቅ ሥሮችም ነበሩ። ለሁሉም ቦታ ስለሌለኝ ሦስቱን ለመጣል ለየኋቸው። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ነበር የምሠራው። ለምን? ፈሳሹ ቆዳ እንደሚያሳክክ ስለማውቅ ነዋ። ማንም ቢበላው ምላስና ጉሮሮ እንደሚያሳብጥ አንብቤያለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም ያነበብኩት። አላወቅኩም ነበር የምትል መውጫ የለችኝም።

እትዬ ማርታ ከገበያ ሲመለሱ ከፊቴ ቆሙ።

«ልትጥላቸው ነው?»

«አዎ።»

«አፈር ስሆን፣ ምግብ ይጣላል? አባቴ ትናንት ከአገር መጥቷል። ሆዱን ታሞ፣ የከተማ ምግብ አልስማማው ብሎ። ጎደሬ ቢያይ ደስ ይለዋል። ልውሰዳቸው?»

ጎደሬ አይደለም። ሁለት ቃል ነው። ከዚያ በፊት ብያቸዋለሁ፤ እንደገና ማለት ምን ያቅታል? አልኩ ግን «ይውሰዱ።» በፌስታል አድርጌ እኔው ሰጠኋቸው።

በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰብኩ በደንብ አውቃለሁ፤ አልረሳሁትም፣ አልተምታታብኝምም። ትንሽ ያሳክካቸው፣ ያኔ ማን ትክክል እንደሆነ ያውቁታል፣ ብዬ ነው ያሰብኩት። አባታቸው እንደሚበሉት አልሰማሁም? ሰምቻለሁ። አሁን የነገርኩህን ቃል በሙሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ገብቼ እጄን ታጠብኩና ደብተሬ ላይ «ሥሩ ተከፈለ፤ ትርፉ ተጥሏል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ደብተር ውስጥ ያለች ብቸኛ ውሸት እሷ ናት።

በእትዬ ማርታ ቤት አባት ሳይጎርስ ልጅ አትቀምስም። ቀቅለው፣ ልጠው፣ አቅርበው፣ እሳቸው ቆመው ነበር የሚያስተናግዱት። ጋሽ ዳና፣ አባታቸው፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ምላሳቸውን ሲወጋቸው የልጄ እጅ ነው ብለው ዋጡት፤ ደገሙም። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ የሰማሁት የእትዬ ማርታን ጩኸት ብቻ ነው። ሮጬ ስገባ ሽማግሌው አፋቸውን መዝጋት አቅቷቸው ምራቃቸው በደረታቸው ይወርዳል። ምላሳቸው አፋቸውን ሞልቶታል። አቅፌ ባጃጅ ላይ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ለዚህ ያመሰግነኛል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ «ምን በሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ጎደሬ» አሉ እትዬ ማርታ።

«ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ እኮ ጉሮሮ ይይዛል። አላበሰልሽውም እንዴ?»

እኔ ከጎናቸው ነበርኩ፤ የሽማግሌውን ነጠላ ይዣለሁ። ለነርሷ እንኳ አልተናገርኩም። ሰው ሊታፈን ሲደርስ፣ ሐኪም ምን በላ ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ፣ ነጠላ ይዤ ቆምኩ። ሥሩን የሰጠሁት ከቂም ነው እንበል። ይሄንንስ ከምን አደረግኩት? እንዳይታወቅብኝ ነው። ሌላ ስም የለውም።

እብጠቱ በማግስቱ ጎደለ። ጋሽ ዳና ግን ከልጃቸው እጅ ውሃ እንኳ አልቀበልም አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሆዳቸው በመሣሪያ ሊታይ ቀጠሮ ነበራቸው፤ የመጡትም ለዚሁ ነበር። «የልጄ እጅ እንዲህ ካደረገኝ የሐኪም እጅ ምን ያደርገኝ ይሆን?» ብለው፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ተሳፍረው አገራቸው ገቡ። ታኅሣሥ ላይ መርዷቸው መጣ።

ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ፣ ቢታከሙ ይድኑ እንደሆነ አላውቅም። ማንም አያውቅም። ይህንን ይዤ ስንት ጊዜ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ መሰለህ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ታመው ነው የመጡት፣ እያልኩ። ቀጠሮዋ ግን ቀጠሮ ናት። እንዳይደርሱባት ያደረግኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ማርታ ከለቅሶ ሲመለሱ ሳቃቸውን ይዘው አልተመለሱም። ወንድሞቻቸው ሰው ፊት «ምን አብልተሽ ላክሽልን?» ብለዋቸዋል። ግቢው ውስጥም ከዚያ ወዲያ ጎደሬው ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። አንድ እሑድ ከሰዓት በሬ ላይ መጥተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ተክሉን አዩት። አዲስ ቅጠል ፈትቶ ነበር።

«አንተ ታነባለህ» አሉኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትታዘበኝ። ጎደሬ ስንት ሰዓት ነው መቀቀል ያለበት?»

የተክሉን ቅጠል በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

«እናቴ ስታደርግ እያየሁ ነው ያደግኩት። ውሃውን ሁለቴ ደፍቻለሁ። ሹካ ወግቼበታለሁ። ለስልሶ ነበር እኮ።»

እግዚአብሔር ከዚህ የሰፋ በር ለማን ከፍቶ ያውቃል? ጥያቄው በገዛ እግሩ መጥቶ ደፌ ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ የለመኑት ሁለት ቃል ነው።

«ምናልባት» አልኳቸው፣ «ትንሽ ጨምረው ቢያበስሉት ኖሮ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው፣ ሲጠብቁት የነበረ ነገር የደረሳቸው ይመስል። «እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ከተማ እጄን አስረሳኝ» አሉና ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ጎደሬ ድስታቸው ውስጥ አልገባም። ቡሄ ላይ ከአገር የተላከላቸውን አንድ ኬሻ ሳይፈቱ ለጎረቤት ሲያከፋፍሉ አይቻለሁ። ለእኔም ደረሰኝ።

ሥሩን ስሰጥ ሰውን አሳመምኩ። ያችን «ምናልባት» ስናገር ግን በገዛ እጃቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ቀማኋቸው፤ የእናታቸውንም ትምህርት፣ የአባታቸውንም የመጨረሻ ትዝታ። የቱ እንደሚከፋ አንተ ፍረድ። እኔ ፈርጃለሁ።

ሦስት ዓመት ሆነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተን አልበደልኩህም። የበደልኳቸው ሰው ከበሬ አሥራ አንድ እርምጃ ላይ አሉ፤ ስንት ማታ በዓይኔ ቆጥሬዋለሁ። እውነቱን ብነግራቸው አባታቸውን በእጃቸው እንዳልጎዱ ያውቃሉ፤ ሌላ ማንም ይህን ሊሰጣቸው አይችልም። ይህን እያወቅኩ አልሄድኩም። ትናንትም አልሄድኩም።

እትዬ ማርታ ሩዝ ያጠቡበት ውሃ ለተክል ጥሩ ነው ሲባል ከሰው ሰምተዋል። አሁን ሩዝ ባጠቡ ቁጥር ውሃውን በጆግ አድርገው በሬ ላይ ያስቀምጡልኛል። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ለጎደሬህ አምጥቼልሃለሁ፣ ሳይሸት አጠጣው።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኩ ከውስጥ።

እርምጃቸው እስኪርቅ ጠበቅኩ። ጆጉን አስገባሁ። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገባሁ፤ ደርቋል። አጠጣሁት። ደብተሬ ላይም ጻፍኩ፦ ዛሬ ውሃ ጠጣ።