ከቶጎጫሌ የተጠራው ስም

ጂጂጋ ገበያ ውስጥ ቅመምና ጥራጥሬ እሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ከአንድ ህንዳዊ የሂሳብ መምህር ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። የግቢው ባለቤት አንዲት ሶማሌ አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም «ኤዶ» ነበር የምንላቸው፣ አክስቴ እንደማለት ነው። መምህሩ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ እምብዛም የማይበልጥ ሰው ነበሩ። አማርኛ የለመዱት እኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። መጀመሪያ ሰሞን ማሾና እርድ ሊገዙ ሲመጡ «አንተ ደህና አደርሽ?» ይሉኝ ነበር። እያደር ግን አሻሻሉ፤ የልባቸውን እስኪያጫውቱኝ ደረሱ።

ክፍላቸው ውስጥ ከራስጌያቸው በላይ አንዲት መደርደሪያ ነበረች። በላይዋ የራማ ሥዕል ተቀምጧል፦ ቀስት የያዘ፣ ፊቱ ሰማያዊ የሆነ ንጉሥ፣ ከጎኑ ሚስቱ፣ በሌላው በኩል ታናሽ ወንድሙ፣ እግራቸው ሥር የተንበረከከ ዝንጀሮ። ጠዋት ጠዋት ታጥበው የዘይት መብራት ያበሩለታል። ኤዶ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። «ምስል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም» ብለው ለእኔ ነገሩኝ እንጂ ለእሳቸው ትንፍሽ አላሉም። በኋላ «በሩን ከዘጋ የራሱ ጉዳይ ነው» ብለው ተዉት።

አንድ ቀን ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሊነግሥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አባቱ የገባው ቃል እንዳይፈርስ ብሎ ዙፋኑን ትቶ ወደ ጫካ እንደተሰደደ፣ ዐሥራ አራት ዓመትም በስደት እንደኖረ አጫወቱኝ።

«አምላክ ነው፤ ግን ከቤት መራቅን ያውቃል» አሉ። «ለዚህ እኛ ራቅ ብለን የምንሠራ ሰዎች እሱን እንለምናለን።»

በተወለዱባት ከተማ ለራማ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ። ትልቅ አይደለም፤ ነጭ ነው፣ ከበሩ ጀምሮ የድንጋይ ደረጃ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ያንን ደረጃ ጎህ ሳይቀድ የሚጠርጉት እናታቸው ነበሩ። የሚከፍላቸው የለም፤ የእግዜር ደጅ ነው ብለው ነው። በራማ የልደት በዓል ቀን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ካህኑ ትንሽ የሕፃን አልጋ በገመድ ያወዛውዛል። ሕዝቡ ተሰልፎ ተራ በተራ ገመዱን ይነካል።

«እናቴ ገመዱን ይዛ ቶሎ አትለቅም» አሉኝ እየሳቁ። «ከኋላዋ ሰው ይቆጣል። እሷ ግን ‹አንተ ወደ ቤትህ ተመልሰሃል፣ የእኔንም መልስልኝ› ትላለች።»

ከሁሉ በላይ የሚያምኑት አንድ ነገር ነበር። ነፍሱ ልትወጣ ያለች ሰው የራማን ስም እየሰማ ከሄደ መንገዱ ይቀናል። ስሙን በሚሞተው ሰው ጆሮ የመጥራት ኃላፊነት ደግሞ በእነሱ ቤት የበኩር ልጁ ነው። የበኩር ልጅ እሳቸው ናቸው።

ያን ክረምት ሌሎቹ የዩኒቨርሲቲው ህንዳውያን መምህራን ለእረፍት አገራቸው ሲገቡ እሳቸው የክረምት ተማሪዎችን ሊያስተምሩ ቀሩ። ፓስፖርታቸው የመኖሪያ ፈቃድ ሊታደስበት አዲስ አበባ ተልኮ ነበር። በዚያ መሃል ታናሽ ወንድማቸው ደወለ። እናትየው ወድቀዋል፤ ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠም። በማግስቱ ደግሞ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም። ለምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደሚመለስ የነገረን የለም።

መምህሩ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ግቢውን ይዞራሉ። ውሃ ጋኑ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ዩኒቨርሲቲ ሄደው ይለምናሉ፤ እነሱም ከማዘን በቀር ምን ያድርጉ? ከቀናት በኋላ ኤዶ ማየት አቃታቸው።

«ዋጃሌ ውሰጂው» አሉኝ። እኛ ቶጎጫሌ የምንላትን የድንበር ከተማ ሶማሌዎች ዋጃሌ ይሏታል። «እዚያ የወዲያኛው አገር ስልክ ይሠራል። ይደውል።»

ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ካለው ኬላ ስንደርስ ወታደሩ ፓስፖርት ጠየቃቸው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያቸውን አሳዩት፤ ነገሩንም አስረዳሁት። ልጁ ክፉ አልነበረም። ደጋግሞ መታወቂያውን አገላበጠ።

«እናት ለሁላችንም እናት ናት» አለኝ። «ግን ፓስፖርት የሌለው የውጭ ሰው ወደ ድንበር ካሳለፍኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺ እለፊ፣ እሳቸው እዚህ ይጠብቁ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። መምህሩ የወንድማቸውን ቁጥር የጻፉበትን ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ወንድሜ ሲያነሳ ይሄን በይ» ብለው በቋንቋቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠኑኝ። ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ አድርግ ማለት ነው። «ከዚያ ራማ፣ ራማ በይ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በእኔ አፍ ይሆናል?»

«የሚደርሰው ስሙ ነው፣ አፉ አይደለም» አሉኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ በሩን ይዘው ትንሽ ሮጡ።

መንገዱን ሙሉ ያንን ዓረፍተ ነገር ስደጋግም ሄድኩ። ቶጎጫሌ በጭነት መኪናና በጭቃ ተጨናንቃለች። ጨርቅ ወጥራ ስልክ የምታስደውል አንዲት ሴት አገኘሁና ቁጥሩን ሰጠኋት። ብዙ ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ ጠራ። የወንድ ድምፅ አነሳ። በዚያች ቅጽበት ያጠናሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። አንዲት ቃል እንኳ!

እንግሊዝኛዬ ከትምህርት ቤት የተረፈች ነች። «ኢትዮጵያ... ጂጂጋ... ወንድምህ... እናት» አልኩ። ድምፁ ይቆራረጣል። ከጀርባዬ ሹፌሮች ይጯጯሃሉ። ሰውየው በፍጥነት አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ አልገባኝም። ምን ልበል? የቀረኝ አንድ ቃል ነው። «ራማ» አልኩ። «ራማ፣ ራማ...»

ከዚያ ሰውየው ጮኸ። ከወዲያ ሌላ የሴት ድምፅ ተቀበለው፤ ለቅሶ ሆነ። እናትየው እያረፉ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስልኩም ጆሯቸው ላይ ያለ መሰለኝ። ስለዚህ አላቆምኩም። ዓይኔን ጨፍኜ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ስሙን ጠራሁ። እንደገና ብንሞክርም አልገባልንም።

ስመለስ መምህሩ ኬላው አጠገብ ወታደሮቹ የሰጧቸው ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል።

«ሰማች?»

«ስሙን ጠራሁት። ሲያለቅሱ ሰማሁ።»

ሁለት እጃቸውን ገጥመው ግንባራቸው ላይ አደረጉና ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ። በማግስቱ ፀጉራቸውን ተላጩ። ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ጨው የሌለበት ሩዝ በቀን አንድ ጊዜ እየቀመሱ መሬት ላይ ተቀመጡ። ኤዶ ምንጣፍ አነጠፉላቸው። ጎረቤቱ ክርስቲያኑም እስላሙም ለቅሶ ደረሳቸው። መምህሩም ለመጣው ሁሉ፣ «ስሙን ሰምታ ነው የሄደችው፣ ይቺ እህቴ አሰማችልኝ» እያሉ ወደ እኔ ያሳዩ ነበር። ሰውም ይመርቀኝ ነበር።

ኔትወርኩ የተመለሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ኤዶ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ መጡና «ነይ፣ ሰውየው ሊሞትብን ነው» አሉኝ።

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ስልኩ ከእጃቸው ወድቋል፤ ከውስጡ የሰው ድምፅ አሁንም ይጣራል። ነገሩን ቀስ በቀስ ነው የነገሩኝ። በእነሱ ከተማ አስከሬን ተሸክመው ወደ ወንዙ ሲወርዱ የሚጮኹት የራማን ስም ነው። ከኢትዮጵያ የማያውቃት ሴት ደውላ «ወንድምህ» ብላ፣ ከዚያ ራማ፣ ራማ ስትል፣ ታናሽየው ሌላ ምን ይረዳ? ወንድሜ ሞተ ብሎ አለቀሰ። ቤተ መቅደሱ ሄዶ በስሙ ደወል አስደወለ፣ ለድሆች ምግብ አበላ።

እናትየው ያን ቀን በሕይወት ነበሩ። ልጆቻቸው መርዶውን ደበቋቸው፤ ልቅሷቸውን ደጅ እየወጡ አለቀሱ። እሳቸው ግን ይጠይቃሉ፤ «ትልቁ ደወለ? መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። የሚመልስላቸው የለም። መምህሩ እዚህ ፀጉራቸውን ተላጭተው መሬት ላይ ሲቀመጡ፣ እናታቸው እዚያ ስማቸውን እየጠሩ ነበር። ያረፉት ኔትወርኩ ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ስሙን ጆሯቸው ላይ የጠራው ታናሽየው ነው።

«ይቅርታ» አልኩ፤ ለምን እንደሆነም ሳላውቀው።

«አንቺ ያልኩሽን ነው ያልሽው» አሉኝ። ይህንኑ ደጋገሙት። ኤዶ ስልኩን ከመሬት አንስተው በቀሚሳቸው ጠረጉና፣ የማይገባቸውን ድምፅ ጆሯቸው ላይ አድርገው በሶማሊኛ «አለ፣ ልጃችሁ አለ፣ ደህና ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ እሳቸውም አለቀሱ።

መምህሩ ፓስፖርታቸው ሲመጣ አገራቸው ሄዱ፤ ከጥቅምት በኋላ ተመለሱ። አንድ ቀን ሱቅ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ቤተ መቅደስ ሄድኩ» አሉኝ። «የሰፈር ሴቶች እጄን ይዘው ያዩኛል፣ ይነኩኛል። ሞተሃል ብለው አልቅሰውልኝ ነበር። ደረጃውን አሁን ሌላ ሴት ትጠርጋለች። መጥረጊያ ስጪኝ አልኳት፤ አልሰጠችኝም፣ ወንድ አይጠርግም አለችኝ።»

«ምን ለመኑት ታዲያ?»

«ምንም አላልኩም። ቃል ሲጠፋ እሱም እንደማይቆጣ አስባለሁ። ቆሜ፣ ቆሜ፣ ሲዘጉ ወጣሁ።»

ደንበኛ ገባ፤ ኮረሪማ ፈልጎ ነው። ሚዛኑን ያዝኩ፣ ኮረሪማው ግን ከሳህኑ ውጭ ፈሰሰብኝ። ሰውየው ምን ነካት ብሎ ያየኛል። መምህሩ ተነስተው የፈሰሰውን ኮረሪማ ከሚዛኑ ዙሪያ በእጃቸው እየሰበሰቡ ወደ ከረጢቱ ከተቱልኝ።