ለባለቤቴ መኖሪያ ፈቃድ ምስክር ፍለጋ፦ ከቄራ እስከ ካዛንቺስ

ከዚህ በፊት በጻፍኳቸው ማስታወሻዎች አንባቢን ወደ ባሌ ተራሮችና ወደ አፋር ጨው ሜዳ ይዤ ሄጃለሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መውጣት ልማዴ ነው። የአሁኑ ጉዞዬ ግን ከአንድ ክፍለ ከተማ አይወጣም። ከመስቀል ፍላወር ተነስተን፣ በቄራና በሰንጋ ተራ ዞረን፣ ካዛንቺስ ደርሰን ተመለስን። በቃ፣ ይኸው ነው። ሆኖም እንዲህ እየፈራሁ የወጣሁበት ሌላ ጉዞ አላስታውስም።

ምክንያቱ ባለቤቴ ነው። ባራካ ታንዛኒያዊ ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው በምዋንዛ ከተማ ተወልዶ ያደገ። አዲስ አበባ ያመጣው ቄራ አካባቢ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍሎችን የሚተክል ድርጅት ነው። እዚሁ ተዋወቅን፣ እዚሁ ተጋባን። እስካሁን የኖረው በሥራ ፈቃዱ ነበር፤ ዘንድሮ ሥራው አለቀና የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ሊያልቅ ሆነ። ወዳጆቻችን ሁሉ "ናይሮቢ ይውጣና ከዚያ ያመልክት" አሉን። ከወጣ በኋላ መቼ እንደሚመለስ ግን ማንም አልነገረንም። ኢሚግሬሽን ሄደን ስንጠይቅ፣ በመስኮቱ ያነጋገረን ሰውዬ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና "ፈቃዱ ሳይቃጠል ከደረሳችሁ፣ በትዳር ምክንያት እዚሁ ሆኖ ማመልከት ይችላል" አለን። የጋብቻ ወረቀቱ በእጃችን ነበር። የጎደለው አብረን እንደምንኖር የሚገልጽ የወረዳ ደብዳቤ ነው።

ወረዳው ደብዳቤውን የሚጽፈው ደግሞ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ መታወቂያ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች ቀርበው ከመሰከሩ በኋላ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ከተጋባን ጀምሮ የኖርነው ካዛንቺስ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አብዛኛው ጎረቤት ከከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ገባ፤ እኛ መስቀል ፍላወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን። አሁን አጠገባችን ያሉት ሰዎች አያውቁንም፤ የሚያውቁን ሰዎች አጠገባችን የሉም። ቂርቆስ ውስጥ የቀሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ትዝ አሉን፤ የግቢያችን ባለሱቅ የነበሩት ጋሽ ሸምሱና ከእኛ ጋር በአንድ ግድግዳ ይኖሩ የነበሩት እትዬ አስካለ።

ጋሽ ሸምሱ አላሳሰቡኝም። እትዬ አስካለን ግን ፈራኋቸው። ለሠርጋችን ምሳ ግቢው በሙሉ ሲመጣ እሳቸው በራቸውን ዘግተው ውለዋል። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ቄራ

በማለዳ በእግራችን ወደ ጎተራ ወርደን የቄራ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ሦስት ሰው ጫነ። ባራካ ቄራ ሲደርስ ይለወጣል። አማርኛ የተማረው እዚህ፣ ከሥጋ ተሸካሚዎች ነው፤ ገና ከታክሲው ሳይወርድ "በርች! የት ጠፋህ ፍሬንድ!" የሚል ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ ጠራው። ደም የነካው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በክንዱ ጨበጠው። አየሩ የቆዳና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አለው። ቢላ የሚሞርዱ ሰዎች ከድንጋዩ ላይ ብልጭታ እያስነሱ ይሠራሉ፤ ከጎናቸው የብየዳ ቤቱ ሌላ ብልጭታ ይረጫል።

ቁርስ ዱለት በላን። ዋጋው ባለፈው ከበላንበት ጊዜ ጨምሯል፤ ሳህኑ ደግሞ አንሷል። ባራካ ሚጥሚጣውን ሳይቀር ጠርጎ ጨረሰ።

የጋሽ ሸምሱ አዲስ ሱቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ገመድ፣ ጆንያ፣ የጎማ ቦት ጫማ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ሲያዩን ከወንበራቸው ተነሱ።

"ሰናይት! አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ጠፋሽ እኮ! በረከትስ እንዴት ነህ?"

ግቢያችን ውስጥ ባራካን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም "በረከት" ነበር የሚለው። የመጣንበትን ነገርኳቸው። ሳያንገራግሩ ከሰዓት በኋላ ወረዳው እንደሚመጡ ቃል ገቡልን።

"እትዬ አስካለስ? ስልካቸው አይሠራም።"

"አስካለ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ ልጇ ጋ ናት። የትኛው ብሎክ እንደሆነ አላህ ይወቅ።"

"ይመሰክሩልናል ብለው ያስባሉ?"

ጋሽ ሸምሱ የጆንያ ክምር አስተካከሉ። "አስካለ ያየችውን ነው የምትናገረው" አሉ።

ወደ ሰንጋ ተራ

ይህ መልስ ለምን እንዳስጨነቀኝ ታክሲው ውስጥ ሳለሁ ላስረዳ። ባለፈው ክረምት ባራካ ምዋንዛ ሥራ አገኘና "እንሂድ" አለኝ። እኔ "አልሄድም" አልኩ። ነገሩ ከረረ። አንድ ቀን ማለዳ ሻንጣውን ይዞ ወጣና ቄራ፣ ማቀዝቀዣ የሚተክሉት ሠራተኞች በሚያድሩበት ክፍል መኖር ጀመረ። ለጎረቤት "ለሥራ አዋሳ ሄዷል" አልኩ። የክረምቱ ዝናብ ሳያባራ ተመለሰ፤ የምዋንዛውን ሥራም ተወው። ስለዚያ ጊዜ ሁለታችንም አንስተን አናውቅም። አሁን ግን፣ ማለቴ፣ በግድግዳው ማዶ የሚኖር ሰው ምን ሰምቶ ይሆን?

"ስለ ክረምቱ ቢናገሩስ?" አልኩት በጆሮው።

"እውነት ነው እኮ" አለኝ። መስኮቱን ነው የሚያየው።

ልጃቸው ጋ የሚኖሩ እናት እንደምንፈልግ ስንነግረው ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ያለው ጥበቃ "ብሎክ ስንት?" አለን። አናውቅም። "የቤት ቁጥር?" አናውቅም። "የልጃቸው ስም?" አሁንም አናውቅም። ሳቀብን፣ ግን አስገባን። አንገታችንን ወደ ላይ ቀና አድርገን በብሎኮቹ መሃል ተዟዟርን። ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች፣ ብስክሌት የታሰረባቸው በረንዳዎች፣ የዲሽ ሳህን የሞላባቸው በረንዳዎች አለፍን። እኔ ሰው መጠየቅ ስጀምር ባራካ ክንዴን ያዘኝ።

"እዚያ። ቢጫዎቹ የዘይት ጀሪካኖች።"

አንድ በረንዳ ላይ ግማሻቸው የተቆረጡ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ዳማከሴና ጤና አዳም ተተክሎባቸዋል።

"በምን አወቅክ?"

"ውኃ እንዲያሳልፉ ከታች የበሳኋቸው እኔ ነኝ።"

መቼ እንደበሳቸው ልጠይቀው አሰብኩ፤ ደረጃውን ግን ጀምሮት ነበር።

እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው ሁለታችንንም አዩን። ከስተዋል። ውስጥ አስገቡንና ቂጣ አቀረቡልን። ጉዳያችንን ሳስረዳ ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም።

"የሚጠይቁኝን እመልሳለሁ" አሉና ነጠላቸውን አነሱ። "ከዚያ ሌላ የምለው የለኝም።"

ካዛንቺስ

ጉዳያችን ያለበት የወረዳ ቢሮ ካዛንቺስ ነው፤ ከሜክሲኮ በስታዲየም በኩል የሚሄድ ታክሲ አገኘን። ካዛንቺስ ስንወርድ ሦስታችንም ቆመን ቀረን። መንገዱ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መስመር፣ አዲስ መብራት፣ ገና ሥር ያልያዙ አበቦች። ተማሪዎቼን ካርታ ማንበብ አስተምራለሁ፤ የራሴ ቤት የነበረበትን ቦታ ግን ማግኘት አቃተኝ። ምልክቶቼ በሙሉ ጠፍተዋል፤ ስጋ ቤቱ፣ የጫማ ጠጋኙ ላስቲክ ቤት፣ የዘመመው የመብራት ምሰሶ። ባራካ ግን በእግሩ ዳገቱን እየለካ ትንሽ ሄደና "ስንወጣ እዚህ ጋ ነበር ቆመን የምንተነፍሰው፣ ከዚህ በኋላ ዳገቱ ይቀላል" አለ። እትዬ አስካለ ከእሱ ትንሽ ወደ ግራ ሄደው ሣሩ ዳር ቆሙ።

"የኔ በር እዚህ ነበር" አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ለቅሶ አልነበረም። ሰው ወንበሩን ሲያሳይ እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። ከዚያ "እንሂድ፣ ቢሮው እንዳይዘጋ" አሉ።

ወረዳው

ጋሽ ሸምሱ ኮታቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ጠበቁን። ጉዳያችንን የያዘችው ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ። ሁለቱን ምስክሮች አስማለች። መጀመሪያ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረች።

"አቶ ባራካን ያውቋቸዋል?"

"ማንን?"

"ባራካ።"

"አላውቅም" አሉ ጋሽ ሸምሱ ኮስተር ብለው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ!" አለ ባራካ።

"አንተማ በረከት ነህ!"

ሠራተኛዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ስሙ እስኪጣራ ጥቂት ቆየንና ነገሩ ተስተካከለ። ጋሽ ሸምሱ ባልና ሚስት መሆናችንን፣ በአንድ ቤት መኖራችንን መሰከሩ። ከዚያ የእትዬ አስካለ ተራ ሆነ።

"እትዬ፣ ከተጋቡ ጀምሮ አብረው መኖራቸውን ያረጋግጣሉ?"

"ከተጋቡ ጀምሮ..." አሉና አሰቡ። "አንዴ ወጥቶ ነበር።"

ባራካ ወለሉን አየ። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ወጥቶ ማለት?"

"ባለፈው ክረምት። ተጣሉና ሻንጣውን ይዞ ሄደ። እሷ አዋሳ ነው አለችን፤ እኛም እሺ አልናት።"

"አስካለ!" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"ምነው ሸምሱ፣ ምዬ የለ እንዴ?"

"ስለዚህ ተለያይተው ነበር ማለት ነው?" አለች ሠራተኛዋ።

"ተለያይተው አላልኩም። ወጥቶ ነበር ነው ያልኩት።" እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ግድግዳችን አንድ ነው፣ ልጄ። ዝናቡ ሲበረታ በእነሱ በኩል ጣሪያው ያፈስ ነበር። ይህቺ ማታ ማታ ባልዲ ስታቀያይር እሰማለሁ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለች ይሄ ሰው ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። 'እትዬ፣ መሰላል አለዎት?' አለኝ። እየዘነበ ወጣ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ነጠላዬ በስብሶ ነበር። ሲወርድ 'እንዳይነግሯት' አለኝ። አልነገርኳትም። ዛሬ ግን በመሐላ ተጠየቅኩ።"

"ሚስማሩን የገዛው ከእኔ ነው" አሉ ጋሽ ሸምሱ ድንገት። "እኔም አልተናገርኩም!"

"ከዚያም በኋላ ይመጣ ነበር" ቀጠሉ እትዬ አስካለ። "ገብታለች ወይ? ደህና ናት ወይ? ይለኛል። ቆሞ ሲጠብቅ ሥራ ሰጠሁት፤ ጀሪካኖቼን በሳልኝ። እንግዲህ አንቺው ፍረጂ፣ ሚስቱን የተወ ሰው በዝናብ ጣሪያዋ ላይ ምን ይሠራል?"

እኔ ያንን ጣሪያ አከራያችን ያሠራልኝ መስሎኝ ነበር። ስልክ ደውዬ አመስግኜውም ነበር፤ እሱም ምስጋናዬን ተቀብሎኛል። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝና ሳቅም እንባም ያዘኝ። ባራካን አየሁት፤ በእፍረት ተሸማቅቋል።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። "ደብዳቤው የሚጠይቀው በትዳር አብረው የሚኖሩ መሆናቸውን ነው" አለች በመጨረሻ። "ይኖራሉ?"

"ይኖራሉ" አሉ ሁለቱም።

ጻፈች። ማህተሙን ሁለት ጊዜ መታችው፤ የመጀመሪያው አልታየም ነበር።

ከወረዳው ደጃፍ

ደረጃው ላይ ባራካን ያዝኩት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ 'ያዳልጣል፣ ውረድ' ትዪኝ ነበር።"

"ከዚያ በኋላስ?"

ትከሻውን ነቀነቀ። "ከዚያ በኋላ ቤት ገባሁ። ምን እላለሁ?"

እትዬ አስካለን ወደ ታክሲው ስሸኛቸው ክንዴን ይዘውኝ ነበር የሚሄዱት። ድፍረት አገኘሁና ለምን ለሠርጋችን ምሳ እንዳልመጡ ጠየቅኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ።

"ወንድሜን የቀበርኩ ሰሞን አልነበር? ጥቁር ለብሼ ሙሽራ ቤት ልግባልሽ?"

አላወቅኩም ነበር። አንድ ግድግዳ ለያይቶን የወንድማቸውን ሞት አላወቅኩም። እሳቸው የእኔን ባልዲ ሲሰሙ እኔ የእሳቸውን ለቅሶ አልሰማሁም። "አላወቅኩም፣ እትዬ" አልኳቸው። "አዲስ ሙሽራ ነበርሽ" አሉኝና ታክሲው ውስጥ ገቡ። ጋሽ ሸምሱም ተከትለው ገቡ፤ እስከ ሜክሲኮ አብረው ናቸው።

ወደ ቤት

በማግስቱ ማመልከቻውን አስገባን። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አይቶ ተቀበለንና ውሳኔው እስኪደርስ ባራካ እዚሁ መቆየት የሚችልበት ደረሰኝ ሰጠን። ይህን ስጽፍ ፈቃዱ ወጥቷል፤ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶው እንደ ተቆጣ ሰው ያሳየዋል።

ደረሰኙን ይዘን መስቀል ፍላወር ስንመለስ ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ከታች ካለው ካፌ ሙዚቃው ተጀምሯል። ደረጃውን ስንወጣ ስለ ጉዞው ምን እንደምጽፍ አሰብኩ። ብዙ አገር ዞሬ የድንጋዩን ዕድሜ፣ የወንዙን መነሻ ጠይቄያለሁ፤ የሰዉን ኑሮም ጠይቄ ጽፌያለሁ። በገዛ ግቢዬ ግን ማንንም ምንም ጠይቄ አላውቅም። እነሱ በእኔ ላይ ያዩትን አይተው፣ ዝም ማለት ባለባቸው ጊዜ ዝም ብለው፣ መናገር ሲገባቸው ተናገሩልኝ። የተማርኩት ይሄንን ነው፤ ትንሽ አሳፍሮኛል፣ ይበልጥ ግን አጓጉቶኛል።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ባራካ ቁልፍ አወጣ። እኔ ዞሬ ከእኛ ትይዩ ያለውን በር አንኳኳሁ። እዚህ ከገባን ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ አናውቅም። አንዲት ሴት ሊጥ የነካ እጇን ወደ ላይ ይዛ በክርኗ ከፈተችልን።

"ምን ፈለጋችሁ? ምን ጎደላችሁ?" አለች በድንጋጤ።

"ምንም አልጎደለንም" አልኳት። "ሰናይት እባላለሁ። ይሄ ባለቤቴ ባራካ ነው። ፊት ለፊት ነን፤ ልንተዋወቅ ነው።"

እኔን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ሊጥ ባልነካው ክርኗ በሩን ገፋ አድርጋ መንገድ ለቀቀችልን።

"ጫማችሁን አታውልቁ" አለች። "ግቡ።"